ለኳስ ብሎ ባሕር መሻገር

ባለፈው ኦገስት፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቂርያት ማላኪ ቤታችን ውስጥ ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲቀዳ ወሬዬን አወጣሁ። «በሚቀጥለው ወር ከጓደኞቼ ጋር ሃንጋሪ ልሄድ ነው» አልኩ። እናቴ ጀበናውን መልሳ አስቀመጠች። አባቴ «እዚያ ምን አለ?» አለኝ። «እስራኤል ከጣሊያን ጋር ትጫወታለች። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው።» ቀና ብሎ አየኝና «ለኳስ?» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ስኒውን ጨርሶ ወደ ምኩራብ ለመሄድ ተነሣ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች አንዲት ቃል መልስ ለመስጠት ነው። አብረውኝ የሄዱት ሁለት ጓደኞቼ፣ አንዱ የገዴራ፣ አንዱ የያቭኔ ልጅ፣ ያንኑ ጥያቄ በየቤታቸው ሰምተዋል። ይህን መጽሔት ከምታነቡ ተማሪዎችም ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል ብዬ አምናለሁ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በላቡ ባገኘው ገንዘብ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ራሱን ጠብቆ ቡድኑን ለማየት ባሕር የሚሻገር ተማሪ ገንዘብ አባካኝ አይደለም። እንዲያውም ማኅበራችን ነገሩን ቢያደራጀው ለሁላችንም ይጠቅማል። ነገር ግን የአባቴ ጥያቄ የዋዛ አይደለምና በቅድሚያ ለእሱ ተገቢውን ክብር ልስጠው።

ጉዞ በእኛ ቤት

በብዙ እስራኤላውያን ቤት «ሑል» ሲባል የሚታየው ሻንጣ፣ ባሕር ዳርቻና ከኤርፖርት የተገዛ ቸኮሌት ነው። በእኛ ቤት ጉዞ ሲባል የሚታየው ሱዳን ነው።

አባቴ ከአርማጭሆ ሲወጣ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየሄዱ ድንበሩን ተሻገሩ። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ ታናሽ እህቱን ቀበረ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ከገቡት 8 ሺህ ገደማ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በመንገድና በመጠለያዎቹ ውስጥ ያለቁት ወገኖቻችን 4 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ እናስባቸዋለን። አባቴ በዚያ ቀን ነጭ ለብሶ ይወጣል፣ ማታ ተመልሶ ምንም ሳይናገር ይተኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «ኳስ ለማየት ድንበር ልሻገር ነው» ማለት ያሳፍራል፤ እኔም አፍሬ ነበር። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን ወደ ሌላ ሐሳብ ደረስኩ። አባቴ የተጓዘው መመለሻ በሌለው መንገድ ነው። ያን ሁሉ የተሸከመው ልጁ ቤት እንዲኖረው ነው። ቤት ያለው ሰው ደግሞ ወጥቶ ይገባል። እኔ የደርሶ መልስ ትኬት የቆረጥኩት የእሱን መንገድ ረስቼ ሳይሆን ያ መንገድ ስላለቀ ነው። ልጆቹ ፈርተው ሳይሆን ደስ ብሏቸው ሲጓዙ ማየት ለአባቴ ትውልድ እንደ ስድብ ሊቆጠር አይገባም።

የአጎቴ የደቡብ አፍሪካ ጉዞ

በቤተሰባችን ለኳስ ብሎ ባሕር በመሻገር እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ያቭኔ የሚኖረው አጎቴ ቀድሞኛል።

ኦክቶበር 14 ቀን 2012 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፋ ስለነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳዋ ውጭ ባገባቻቸው ግቦች አለፈች። ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር ወዲህ ዋልያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ የመጀመሪያቸው ነበር፤ 31 ዓመት ሙሉ ከውድድሩ ርቀው ኖረዋል። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ግቦቹን ሲያገቡ አጎቴ በሳተላይት ቴሌቪዥን እያየ ከሶፋው ላይ ዘሎ ጉልበቱን ጠረጴዛ እንደመታው ዛሬም ያወራል።

ያ ዓመት ለእሱ ቀላል ዓመት አልነበረም። በ2012 መጀመሪያ ላይ፣ ቂርያት ማላኪ ውስጥ የአንዳንድ ሕንጻዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ተጋልጦ ነበር። ወጣቶቻችን ሰልፍ ወጡ፤ አጎቴም ከያቭኔ በአውቶቡስ መጥቶ ከእኛ ጋር ቆመ። እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ትከሻው ላይ ተቀምጬ ሰልፉን ማየቴን ግን አልረሳውም።

እና በጃንዋሪ 2013፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን የሐቭራአ ገንዘብ ይዞ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጆሃንስበርግ በረረ። ከዚያ የ4 ሰዓት ያህል መንገድ በሚኒባስ ተጉዞ ኔልስፕሩት ደረሰ። ጃንዋሪ 21 በምቦምቤላ ስታዲየም ኢትዮጵያ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። አጎቴ ብቻዬን እሆናለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር። ስታዲየሙ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሶ ነበር። በዙሪያው ያገኛቸው ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየከተማው ትናንሽ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ስደተኞች ነበሩ። አጠገቡ የተቀመጠው የሆሳዕና ልጅ ሱቁን ለሦስት ቀን ዘግቶ ነው የመጣው።

«ወንድም፣ ከየት ነህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ከእስራኤል።»

«ለሥራ ነው እዚያ ያለኸው?»

«አገሬ ነው።»

«እንዴ! ኢትዮጵያዊ አይደለህም?»

«እሱም ነኝ።»

ሰውየው ጥቂት አሰበና «አሃ፣ ፈላሻ ናችሁ!» አለ። አጎቴ ይህን ስም ጎንደር በልጅነቱ በምን ድምፅ ይሰማው እንደነበር ያውቃል። «ቤተ እስራኤል እንባላለን» አለው በዝግታ። የሆሳዕናው ልጅ «ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ አላወቅኩም» አለና ከያዘው ቆሎ እፍኝ ሰጠው። ጨዋታው ተጀመረ።

ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ከዕረፍት በፊት ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። በዚህ ጊዜ ከደጋፊው መካከል ቩቩዜላና የውሃ ጠርሙስ ወደ ሜዳ ይዘንብ ጀመር፤ ጨዋታው ተቋረጠ። አጎቴ እስካሁን ሲያወራው ድምፁ ይቀንሳል። «31 ዓመት ጠብቀን በመጣን ቀን ራሳችንን አዋረድን» ይላል። በኋላ ዛምቢያ አገባች፤ በ65ኛው ደቂቃ ደግሞ በ10 ሰው የሚጫወተው ቡድን በአዳነ ግርማ አቻ ሆነ። አጎቴና የሆሳዕናው ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈው ዋልያዎቹ ተሰናበቱ። ለወረወሩት ደጋፊዎች ሲባል የተቀጣው ፌዴሬሽኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛ፣ ተጓዥ ደጋፊ እንግዳ ነው፤ የሚሠራው ሁሉ የሚጻፈው በራሱ ስም ሳይሆን በለበሰው ማሊያ ስም ነው። ሁለተኛ፣ አጎቴ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ከተማ «እዚህ አትኖርም» ተብሏል፤ በሌላ አህጉር ደግሞ «ኢትዮጵያዊ አይደለህም?» ተብሎ ተጠይቋል። ለሁለቱም የመለሰው በእግሩ ሄዶ፣ በቦታው ተገኝቶ፣ ስሙን ራሱ ተናግሮ ነው። ይህን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ማድረግ አይቻልም።

ሜዳ የሌላቸው ሁለት ቡድኖች

የኳስ ታሪክ ስለ እኛ የሚናገረው የሚያስገርም ነገር አለው። ማርች 14 እና ማርች 19 ቀን 1961 እስራኤልና ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጋጥመው ነበር። የኢትዮጵያ «የሜዳዋ» ጨዋታ ጭምር የተደረገው እዚሁ እስራኤል ውስጥ ነው። እስራኤል አንዱን 1 ለ 0፣ ሌላውን 3 ለ 2 አሸነፈች። ቀጥላ ከጣሊያን ጋር ተጫውታ ተሸነፈች። የተሸነፈው የኢትዮጵያ ቡድን ደግሞ ከ10 ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 1962፣ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። በእነዚያ ሁለት የማርች ቀኖች ሕዝባችን ገና በጎንደርና በትግራይ መንደሮቹ ነበር። ሁለቱም ቡድኖቻችን አንድ ሜዳ ላይ ሲሮጡ ከመቀመጫው ላይ እኛ አልነበርንም።

ዛሬ እኛ አለን፤ ቡድኖቹ ግን ሜዳ አጥተዋል። ስታዲየሞቹ የካፍን መመዘኛ ስላላሟሉ ኢትዮጵያ ለዓመታት የሜዳዋን ጨዋታዎች በሰው አገር ስትጫወት ቆይታለች። ጁን 9 ቀን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችበት ያ ታላቅ ቀን የዋለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። በማርች 2025 በዚያው በግብፅ የተሸነፈችበት «የሜዳዋ» ጨዋታ የተደረገው ሞሮኮ፣ ካዛብላንካ ላይ ነበር። እስራኤል ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት የሜዳዋን ጨዋታዎች ሃንጋሪ ላይ አድርጋለች።

አንድ ቡድን በባዕድ አገር «ሜዳዬ ነው» ሲል ሜዳውን የእሱ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሣሩ የሰው ነው፤ ወንበሩም የሰው ነው። የእሱ የሚሆነው ሊያየው የመጣ ሰው ብቻ ነው። ከሁለት አገር ለሆንን፣ ከሁለቱም አንዳንድ ቀን «የእኛ አይደላችሁም» ለተባልን ልጆች፣ ይህ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ቤት ማለት ሰዎች ተሰብስበው የሚያቆሙት ነገር እንደሆነ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? የመንደራችን ቄሶች ምኩራቡን ሣር ክዳን ሠርተው ኢየሩሳሌም ያደረጉት እንዲሁ ነው።

ደብረጼን፣ ሴፕቴምበር 8

ወደ ራሴ ጉዞ ልመለስ። እሁድ ወደ ቡዳፔስት በረርን፤ ሰኞ በባቡር ወደ ደብረጼን ሄድን። እናቴ ድፎ ዳቦና ቆሎ አስይዛኛለች፤ የገዴራው ጓደኛዬ እናት ደግሞ ዳጉሳ ዳቦ። ለሦስቱ ቀናት በነፍስ ወከፍ 1,900 ሼቄል ያህል አወጣን። የእኔ ድርሻ የተገኘው ቂርያት ማላኪ የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ በመጋዘን ሠራተኛነት ከሠራኋቸው ሌሊቶች ነው።

ያ ሰኞ ግን እንዳሰብነው አልጀመረም። ባቡር ውስጥ እያለን ኢየሩሳሌም ራሞት መገናኛ ላይ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው ስድስት ሰዎች መግደላቸውን ሰማን። ስልካችን አላረፈም። ኢየሩሳሌም የምትማር የጓደኛዬ እህት እስክትመልስ ድረስ ሦስታችንም ቃል አልተነፈስንም። ደኅና ነበረች። ከዚያ የያቭኔው ልጅ «እና አሁን ኳስ እናያለን?» አለ። የአባቴ «ለኳስ?» ባቡሩ ውስጥ ተከትሎ ደረሰብኝ።

ሄድን። ስታዲየሙ መግቢያ ላይ ሦስት ጊዜ ተፈተሽን። አንድ ጠባቂ ፓስፖርቴን ሁለት ጊዜ ገልብጦ አየ፤ ፊቴንና የፓስፖርቱን ሽፋን ማገናኘት አልቻለም መሰለኝ። አብዛኛው ወንበር ባዶ ነበር። ከፊታችን ኪፓ ያደረገ አንድ ጎልማሳ ሰው ከልጁ ጋር ተቀምጧል። እኛን ሲያይ ዞር ብሎ በዕብራይስጥ «ከየት ናችሁ?» አለ። «ቂርያት ማላኪ፣ ገዴራ፣ ያቭኔ» ስንለው ሳቀና «እኛ ከአሽዶድ ነን፤ ለካ ጎረቤታሞች ነን» አለ። ከቤታችን 20 ደቂቃ የሚርቅ ሰው ደብረጼን ላይ ተዋወቅን።

ጨዋታውን ያየ ያስታውሰዋል። እስራኤል ሁለት ጊዜ መራች፤ ጣሊያን ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ ከዚያ 4 ለ 2 መራን። ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ እስራኤል ሁለት አከታትላ አስገብታ 4 ለ 4 ሆነ። ያ ሰውዬ እኔን፣ እኔ ልጁን፣ ልጁ የገዴራውን ጓደኛዬን አቅፈን ተያይዘን ወንበር ላይ ወደቅን። ወዲያው፣ መደበኛው 90 ደቂቃ እንዳለፈ፣ ቶናሊ አምስተኛውን አገባ። 5 ለ 4 ተሸነፍን። ማንም ወዲያው አልተነሣም። ልጁ እንባውን ሲጠርግ የገዴራው ጓደኛዬ የቀረውን ዳጉሳ ዳቦ ቆርሶ ሰጠው።

ከጠዋቱ ሐዘን በኋላ መጮኽ ተገቢ ነበር ወይ? እስካሁን ሙሉ መልስ የለኝም። የማውቀው ግን ያን ቀን ብቻዬን ቂርያት ማላኪ ክፍሌ ውስጥ ስልኬን ስቆጥር ብውል ኖሮ የባሰ ይሆን እንደነበር ነው። ሰው በሐዘኑም በደስታውም ሰው ይፈልጋል። በለቅሶ ቤት ተሰብስበን የምንቀመጠው ለዚሁ አይደለም?

ለሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ወላጆቻችን እውነት አላቸው። ብዙዎቻችን በሚልጋ የምንማር፣ በሌሊት ሥራ የቤት ኪራይ የምንከፍል ነን። በመጪው ሰኔ 48 ቡድኖች የሚሳተፉበት የዓለም ዋንጫ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ውስጥ ይካሄዳል። ኢትዮጵያ አልፋ አታውቅም፤ እስራኤል በታሪኳ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው የተጫወተችው፤ ዘንድሮም ሁለቱም የሉም። የራሳችን ቡድን ለማይጫወትበት ውድድር ውቅያኖስ ለመሻገር ከባንክ የሚበደር ተማሪ ካለ ከአባቴ ጎን ቆሜ «ለኳስ?» እለዋለሁ። በብድር የታየ ጨዋታ ከፉጨቱ በኋላ ዓመት ሙሉ ይቀጥላል። ያለንን በልክ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ሠርግ ለአዳራሽና ለዲጄ የምናወጣውን እናውቃለን፤ ያን ማንም ብክነት አይለውም፤ ሰው ለሰው የሚያወጣው ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። ይህን ማቃለል አይገባም። ኖቬምበር 7 ቀን 2024 አምስተርዳም ላይ ከአያክስና ከማካቢ ቴል አቪቭ ጨዋታ በኋላ እስራኤላውያን ደጋፊዎች በየመንገዱ እየታደኑ ተደብድበዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከማካቢ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ የፍልስጤም ባንዲራ ቀድደዋል፣ የጥላቻ ዘፈን ዘፍነዋል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ምክንያት አይሆንም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ማወቅ አለብን። በሳምንቱ ፈረንሳይና እስራኤል ፓሪስ ላይ ሲጫወቱ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ፖሊሶች ተሰማርተው ነበር፤ 80 ሺህ ሰው በሚይዘው ስታዲየም የተገኘው ተመልካች ግን 17 ሺህ አይሞላም ነበር።

ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። በአውሮፓ መንገድ ላይ አንዱ በማሊያችን ሊጠላን ይችላል፤ ሌላው በቆዳችን። ስለዚህ ልጆቻችንን አንላክ ማለት ይቻላል። እኔ የምለው ግን ብቻችሁን አትሂዱ ነው። የመንግሥትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ ማሊያውን ስታዲየም በር ላይ ልበሱ፤ ከጨዋታ በኋላ መጠጥ ቤት አትቅሩ፤ የጥላቻ ዘፈን ከጎናችሁ ከተጀመረ ቦታ ቀይሩ። የኔልስፕሩቱን ጠርሙስ አስታውሱ። ስድብ ምን እንደሚመስል በራሳችን ላይ ያየን ሰዎች ለሌላው ልናቀብለው አይገባንም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በግልጽ የሚናገረው ሰው ትንሽ ነው፤ የሚያስበው ግን ብዙ ነው፦ «ለማን ነው የምትደግፉት?» ዋልያዎቹን ስንደግፍ «እስራኤላዊ አይደላችሁም?» የሚል አለ፤ ሰማያዊ ማሊያ ስንለብስ ደግሞ «ኢትዮጵያን ረሳችሁ?» የሚል አለ። በኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ በ2004 በማካቢ ቴል አቪቭ ማሊያ ሻምፒዮንስ ሊግ ሲጫወት አባቶቻችን በኩራት አይተውታል። ዛሬ ናታንያ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ኤሊ ዳሳ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኗል። ክንዱ ላይ የታሰረው ጨርቅ የወላጆቹን መንደር ከእሱ አልወሰደበትም። እናትና አባት ያለው ልጅ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ አይባልም። አንድ ቀን ሁለቱ እንደ 1961 ዳግም ከተጋጠሙ የዚያን ቀን እንጨነቃለን፤ ያውም ደስ የሚል ጭንቀት ነው።

ምን እናድርግ?

ማኅበራችን የጉብኝት ወኪል ይሁን እያልኩ አይደለም። ሐሳቤ ትንሽ ነው፤ ስሙም ለወላጆቻችን አዲስ አይደለም፦ እቁብ።

በ2027 የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ውስጥ ይካሄዳል። ከእነዚህ ሦስቱ ኬንያ የኢትዮጵያ ጎረቤት ናት፤ ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ብትርቅ ነው። ዋልያዎቹ ካለፉ የኔልስፕሩት ዓይነት ቀን እንደገና ይመጣል ማለት ነው፤ ባያልፉም የአፍሪካን ትልቁን ውድድር ከወላጆቻችን የትውልድ አገር አጠገብ ማየት ነው። ከቂርያት ማላኪ፣ ከገዴራና ከያቭኔ 12 ተማሪዎች ብንሆን፣ እያንዳንዳችን በወር 250 ሼቄል ብንጥል፣ በ18 ወር ለእያንዳንዱ 4,500 ሼቄል ይጠራቀማል። እንደ ተለመደው እቁብ ዕጣ አይወጣም፤ ሁላችንም በአንድ ቀን ስለምንሄድ ገንዘቡ በአንድ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ሦስት ሰዎች ይፈርሙበታል። ችግር የገጠመው አባል ያስገባውን ይዞ ይወጣል። ዋልያዎቹ ካለፉና የምድብ ድልድሉ ሲታወቅ የትኛው ከተማ እንደምንሄድ እንወስናለን፤ ቪዛውንም ሆነ የጤና ክትባቱን ቀድመን እናጣራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገዱ በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ለሦስት ቀን ጎንደር ደርሰን ብንመለስስ? ጸጥታው ከፈቀደ ማለቴ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ አባቶቻቸው የወጡበትን መንደር በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ኳሱ ምክንያት ይሁነንና።

ከሃንጋሪ ተመልሼ ማታ ቤት ስገባ አባቴ አልተኛም ነበር። ጨዋታውን በቴሌቪዥን አይቶታል፤ ይህን አልጠበቅኩም። «አራት አግብቶ መሸነፍ ምን የሚሉት ነው?» አለኝ። ከዚያ ስለ ስታዲየሙ ጠየቀኝ። አብዛኛው ባዶ እንደነበር ነገርኩት። ዝም አለ። ስለ ኬንያው እቁብ የነገርኩት ከሳምንት በኋላ ነው። «ለኳስ?» አላለኝም። «በየማታው ትደውላለህ» አለ። ይህ በእኛ ቤት ፈቃድ ማለት ነው።

ልትገቡ የምትፈልጉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስማችሁን ስጡ። የመጀመሪያው ስብሰባ ከፈተና በኋላ ቂርያት ማላኪ እኛ ቤት ነው። ቡና አለ።